የባህር ዛፉ ቅጠል ከደብሩ ደን ይልቅ በዝቶ ተከምሯል፤ ታዲያ አፈሩ ለምን አይጠቁርም?

የጉና ልጅ | ጥር 14

ሰላም ለሁላችሁ። ለጥምቀት አገር ቤት ገብቼ ነበር፤ ደብረ ታቦር አካባቢ። አባቴ ከቤታችን በላይ ያለውን ተዳፋት ባህር ዛፍ ተክሎበታል። አንዴ ተቆርጦ ተሸጧል፤ አሁን የቆመው ከጉቶው ያቆጠቆጠው ነው። ከሱ ወዲያ የደብሩ ደን አለ። ጽድ፣ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ አልፎ አልፎም ዝግባ። በመካከላቸው ያለው አንድ የድንጋይ ካብ ብቻ ነው። ተዳፋቱ አንድ፣ ዝናቡም አንድ።

በከተራ ዋዜማ ሁለቱንም ቦታ በእጄ ጫርኩት። ደኑ ውስጥ ላይ ላዩን የሰሞኑ ደረቅ ቅጠል አለ። ከሱ ሥር የረጠበ፣ የጠቆረ፣ ጅማቱ ብቻ የቀረ ቅጠል። ከዚያ በታች ቅጠል ይሁን አፈር የማይለይ ፍርፍር ያለ ነገር። ጣቴ እስከ አንጓው ገባ። ነጭ ክር የመሰለ ሻጋታ ቅጠሉን እርስ በርስ ሰፍቶታል። አንድ የምድር ትልም አገኘሁ። በጥር፣ ዝናብ ከቆመ ወራት ካለፈው በኋላ!

ባህር ዛፉ ሥር ደግሞ ሳይጠረግ በቀረው ጥግ ማጭድ የመሰለው ቅጠል እስከ ቁርጭምጭሚቴ ተከምሯል። ልጡም እንደ መቀነት እየተላጠ ወድቋል። ክምሩን ገለጥ ሳደርገው ግን ወዲያው ቀይ መሬት። መሃል የሚባል ነገር የለውም። በኮዳ የያዝኩትን ውሃ አፈሰስኩበት። ውሃው ድቡልቡል ብሎ መሬቱ ላይ ቆመ እንጂ ቶሎ አልሰረገም።

ቅጠል መሬት ያለማል ሲባል ነው ያደግሁት። ባህር ዛፍ ዓመቱን ሙሉ ያረግፋል። ታዲያ ያ ሁሉ ቅጠል የት ነው የሚገባው? የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ። አባቴን ልመክረው ፈልጌ ምን እንደምለው አላውቅም።

ሰገነት | ጥር 14

ባህር ዛፍ መሬት ይገድላል፣ አለቀ። ንቀሉትና አገር በቀል ትከሉ።

የሞጣው | ጥር 14

ወንድሜ ሰገነት፣ ንቀሉት ማለት ቀላል ነው። እኔን አስተምሮ ለወግ ያበቃኝ ባህር ዛፍ ነው። አባቴ መስከረም ሲመጣ አጠናውን ይሸጥና የደብተሩንም የጫማውንም ይችል ነበር። ጤፉ በበረዶ በተመታ ዓመት ቤታችንን ያቆመው ያ ዛፍ ነው። የጉና ልጅ አባትም የተከሉት አፈር ጠልተው አይደለም። ጥያቄው ስለ ቅጠል ነው፤ ስለ ቅጠሉ እናውራ።

ሰገነት | ጥር 14

ልክ ነህ፣ ቸኮልኩ። የሚያውቅ ይመልስ፣ እኔም ልማር።

ወንዝ ዳር | ጥር 15

የደን ባለሙያ ነኝ። ወንዶ ገነት ነው የተማርኩት። ጥያቄው ደስ ስላለኝ ትንሽ ልዘርዝር።

የጉና ልጅ፣ አንተ ያየኸው ክምር ነው። ክምርና የሚወርደው መጠን ደግሞ ይለያያሉ። ጎተራ ምርት ስለበዛ ይሞላል፤ የሚበላው ሲጠፋም ይሞላል። ባህር ዛፉ ሥር የሞላው በሁለተኛው ምክንያት ነው።

የሚወርደውን ለመለካት መሬት አይጫርም። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ መረብ ከመሬት ከፍ አድርገህ ዛፎቹ ሥር ትወጥራለህ። በየሁለት ሳምንቱ ወይም በየወሩ የወደቀበትን ትሰበስባለህ። ቅጠሉን ለብቻ፣ ጭራሮውን ለብቻ፣ አበባና ፍሬውን ለብቻ ትለያለህ። ከዚያ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቀህ ትመዝናለህ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር 1 ግራም ማለት በሄክታር 10 ኪሎ ነው። በዓመት 800 ግራም ከሰበሰብክ 8 ቶን ማለት ነው። በሞቃታማው የዓለም ክፍል ባሉ ደኖች በሄክታር በዓመት ከ5 እስከ 15 ቶን መውረዱ የተለመደ ነው። ከዚህ 70 በመቶ ገደማው ቅጠል ነው። መናገሻ ላይ የተፈጥሮውን ደን ከተተከሉት ጋር ጎን ለጎን ያነጻጸረ ጥናት ተሠርቶ ነበር፤ ብዙ ያረገፈው የተፈጥሮው ደን ሆኖ ተገኘ። በዓይን ሲታይ ግን ባዶ የሚመስለው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ቶሎ ይበላል።

ይህን የምናውቅበት ዘዴም አለ። መሬት ላይ ያለውን ክምር በዓመት ለሚወርደው አካፍለው። 8 ቶን ወርዶ መሬት ላይ 4 ቶን ብቻ ካገኘህ፣ ቅጠሉ በአማካይ ግማሽ ዓመት ነው የሚቆየው። 16 ቶን ካገኘህ ሁለት ዓመት ይቆያል። አንተ በደኑ ውስጥ ያየኸው ሦስት ደርብ፣ ማለትም ደረቁ፣ ጅማት የቀረውና ፍርፍሩ፣ መበስበሱ ሳይቋረጥ እየሄደ ነው ማለት ነው። ባህር ዛፉ ሥር መሃሉ የጠፋው ሥራው ስለቆመ ወይም በጣም ስለዘገየ ነው።

ለምን ዘገየ ካልክ፣ ቅጠሉን ሰብረህ አሽትተው። ያ ሽታ ዘይቱ ነው። ላዩ በሰም የተለበጠ ነው፤ ውስጡም እንደ ሻይ ቅጠል የሚያኮማትር ነገር ሞልቶታል። ለትሎችና ለሻጋታ የሚመች ምግብ አይደለም። ናይትሮጅኑም ትንሽ ነው። የረገፈ የባህር ዛፍ ቅጠል ናይትሮጅኑ ብዙ ጊዜ ከ1 በመቶ በታች ነው። ከደረቅ ቅጠል ክብደት ግማሹ ገደማ ካርቦን ነው። ስለዚህ ለ1 እጅ ናይትሮጅን ከ50 እጅ በላይ ካርቦን አለ ማለት ነው። አብስባሾቹ ነፍሳት እንዲመቻቸው ከ25 እስከ 30 አካባቢ ቢሆን ይመርጣሉ። ሲጎድልባቸው ከአፈሩ ይበደራሉ። ቅጠሉ መሬቱን ማብላት ሲገባው መጀመሪያ ከመሬቱ ይበላል።

ዛፉም በበኩሉ ቆጣቢ ነው። ቅጠሉን ከመጣሉ በፊት ከናይትሮጅኑና ከፎስፈረሱ ብዙውን መጥጦ ወደ ግንዱ ይመልሳል። ይህን አብዛኛው ዛፍ ያደርገዋል።

ውሃው ድቡልቡል ብሎ የቆመው ደግሞ ከዚሁ ሰምና ዘይት የተነሳ ነው። ባህር ዛፍ ሥር ያለ አፈር በደንብ ሲደርቅ ውሃ ይገፋል። የመጀመሪያው የክረምት ዝናብ ሲወርድ ከመስረግ ይልቅ ተዳፋቱን ይዞ ይሮጣል።

የጉና ልጅ | ጥር 15

ወንዝ ዳር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን አንድ ነገር ቀረ። «ሳይጠረግ በቀረው ጥግ» ያልኩት ሌላው ቦታ ስለሚጠረግ ነው። እናቴና የሰፈሩ ሴቶች ለምጣድ ይጠርጉታል። አብዛኛው ተዳፋት ቅጠልም የለው፣ ሣርም የለው። ተጠርጎ ቀይ ሆኗል።

ወንዝ ዳር | ጥር 16

እሱን ነበር መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝ። እስካሁን ያወራሁት ስለ ቅጠሉ ጠባይ ነው። በእኛ አገር ግን ከቅጠሉ ጠባይ የሚብሰው መጥረጊያው ነው።

ብዙ ሰው ዝናቡን የሚሰብረው ዛፉ ይመስለዋል። ረጅም ዛፍ ላይ ጠብታው ቅጠል ላይ ይጠራቀምና ትልቅ ሆኖ ከላይ ይወድቃል። እንዲያውም መሬቱን ከተራ ዝናብ በላይ ሊመታው ይችላል። ጉልበቱን የሚያበርድለት መሬት ላይ የተነጠፈው ቅጠል ነው። ከዛፉ ሥር ቅጠሉን ከጠረግህ ዛፍ ያለው ራቁት መሬት ነው የሚተርፍህ። እንጦጦን የወጣ ሰው ይህን በዓይኑ አይቷል፤ ሥሩ ተራቁቶ በጣቶቹ የቆመ የሚመስል ባህር ዛፍ።

የሽሮሜዳ ልጅ | ጥር 16

እንጦጦ ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እናቴ ቅጠል ተሸካሚ ነበረች። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስታ ትወጣለች። ቅጠሉንና ጭራሮውን ጠርጋ፣ በገመድ አስራ፣ ከራሷ ቁመት የሚበልጥ ሸክም በጀርባዋ አዝላ ቁልቁል ትወርዳለች። ጎንበስ ብላ ስለምትሄድ ከሩቅ የምናየው ሸክሙን ብቻ ነው። እኛ ልጆቿ በእግሯ ነበር የምንለያት፤ በኮንጎ ጫማዋ። ጀርባዋ ላይ የገመዱ ምልክት እስከ ዛሬ አለ። እንጀራ የምትጋግር ሁሉ ታውቃለች፣ ለምጣድ እንደ ባህር ዛፍ ቅጠል የለም። ቦግ ይላል፣ እሳቱ ምጣዱን ዳር እስከ ዳር እኩል ያገኘዋል። አዲስ አበባ በዚህ ቅጠል ነው ስትበላ የኖረችው።

በምኒልክ ዘመን ባህር ዛፍ የመጣው የከተማዋ ማገዶ ስላለቀ ነው ይባላል፤ እውነትም ነው። ቅጠሉም ከመጀመሪያው ጀምሮ ለምድጃ ነው የተወሰነው። ስለዚህ ጥረጋ ጥፋት ነው ስትሉ እባካችሁ የምትጠርገዋን ሴት አስቡ። እኔ አፈሩ አልተጎዳም አልልም። ሥራቸው የተራቆተውን ዛፎች እኔም አውቃቸዋለሁ፤ እናቴን ስጠብቅ የምቀመጠው እነሱ ላይ ነበር።

ወንዝ ዳር | ጥር 16

እህቴ፣ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልክ ነሽ። ጥፋተኛዋ የምትጠርገዋ ሴት አይደለችም፤ እኔም እንደዚያ እንዲሰማ ስለጻፍኩ ይቅርታ።

ግን የእናትሽ ሸክም ውስጥ ምን እንዳለ ልንገርሽ፣ ማንም አይነግረንምና። ግንዱ አብዛኛው እንጨት ነው፤ ከክብደቱ አንጻር ማዕድኑ ትንሽ ነው። ቅጠሉ ግን በኪሎ ሲታሰብ የያዘው ማዕድን ከግንዱ በጣም ይበልጣል። አጠና የሚሸጠው ገበሬ በየአምስት በየስድስት ዓመቱ ግንዱን ነው የሚወስደው። ቅጠል የሚጠረግበት መሬት ደግሞ በየሳምንቱ ነው የሚከፍለው። ሲነድ ናይትሮጅኑ በጭስ ይሄዳል። አመዱ ላይ ካልሲየምና ፖታሲየም ይቀራል፤ አመዱ ግን ከተማ ቀረ፣ ተራራው አላገኘውም። ባለአገሩ ቢያንስ አመዱን ወደ ጓሮው ይበትናል።

የጎማ ቡና | ጥር 18

ከጅማ ነኝ። እዚህ ታሪኩ ሌላ ነው፣ ላካፍላችሁ።

ቡናችን ጥላ ሥር ነው። ሰሳ፣ ብርብራ፣ ዋንዛ፣ ብሳና። እኛ ቤት ለቡና የፋብሪካ ማዳበሪያ ተገዝቶ አያውቅም። አያቴ «ሰሳ ካለ ማዳበሪያ ምን ያደርጋል?» ይሉ ነበር። ሰሳ ቅጠሉ ደቃቅ ነው። ሲረግፍ ልብ ሳትለው ቡናው ሥር ይገባና ይጠፋል። ሰሳና ብርብራ እንደ ባቄላና አተር ናይትሮጅን ከአየር የሚይዙ ናቸው፤ ለዚህ ነው ቅጠላቸው የሚያለማው። ዋንዛ ደግሞ በበጋ ሰፊውን ቅጠሉን ይጥላል። ሰው ከሩቅ ሲመጣ የሚሰማው ኮሽታው ነው። እርጥበቱን ሸፍኖ ይይዝና ክረምት ሲገባ ይበሰብሳል።

አንዳንድ ጎረቤቶቻችን ቡናውን ነቅለው ባህር ዛፍ ተክለዋል። አልፈርድባቸውም፤ የቡና ዋጋ ሲወርድ ሰው ይጨነቃል። ግን መሬቱን ሲረግጡት ልዩነቱ በእግር ይታወቃል። ቡናው ሥር እንደ ፍራሽ ነው።

ዘ-እንጅባራ | ጥር 19

እኛስ አገው ምድር ያለነው? የተከልነው ዛፍ ሁሉ መሬት ይጎዳል እንዳይባል ነው የምጽፈው።

ፋግታ ለኮማ ላይ ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዓይነት ነው የተያዘው። እሱም የመጣ ነው፣ አገር በቀል አይደለም። ግን የሰሳ ወገን ነው፣ ናይትሮጅን ይይዛል። የመጀመሪያው ዓመት ችግኙ መሃል ጤፍ ይዘራል። ቀጥሎ ሥሩ የሚበቅለው ሣር ለከብት ይታጨዳል። በአራተኛ ባምስተኛ ዓመቱ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል። ከዚያ እንደገና ጤፍ። መሬታችን ኮምጣጣ ነው፤ ድሮ ጤፉ ይቀጭጭብን ነበር። ከዲከረንስ በኋላ የሚዘራው ጤፍ ግን ይሰጣል፤ ገበሬው ሁሉ የሚመሰክረው ነው። ጣት የማይይዘው ደቃቅ ቅጠሉ መሬቱ ላይ ስለሚቀር፣ ከሰሉ የሚከሰልበት ቦታም አመዱ ስለሚተርፍ ይመስለኛል። ወንዝ ዳር አርመኝ።

ወንዝ ዳር | ጥር 19

የማርምህ የለኝም። አመድ ኮምጣጣ አፈርን ያለዝባል። ቅጠሉም ለምጣድ ስለማይጠረግ እዚያው ይቀራል። አንድ ስጋቴ ብቻ አለ፤ ወረዳው በሙሉ አንድ ዓይነት ዛፍ ሲሆን አንድ በሽታ ሁሉንም ባንዴ ያገኘዋል።

የጎማ ቡና ስለ ኮሽታው ያልከው ግሩም ነው። የተደባለቀ ደን አንዱ ጥቅሙ እሱ ነው፤ ሁሉም ባንድ ቀን አያረግፍም። ዋንዛ በበጋ፣ ወይራና ጽድ ጥቂት በጥቂት ዓመቱን ሙሉ። ብሳና ብርቱካንማ ሆኖ የሚወድቀው ስስ ቅጠሉ ቶሎ ይጠፋል፣ የወይራው ጠንካራ ቅጠል ይቆያል። መሬቱ ምግብ ሳያጣ፣ ልብሱንም ሳያወልቅ ይከርማል። ገርቢ የሚባለውን ዛፍ ደግሞ ገበሬ ለምን ማሳው መሃል እንደሚተወው ታውቃላችሁ? ክረምት ሰብሉ ሲበቅል ቅጠሉን ይጥላል፤ በበጋ ይለመልማል። ጤፉን አያጠላበትም፣ ቅጠሉን ግን ይሰጠዋል።

ሌላ ልጨምር። ከባህር ዛፍና ከፈረንጅ ጽድ ቅጠል የተዘፈዘፈ ውሃ በጤፍ፣ በሽምብራ፣ በአተርና በበቆሎ ዘር ላይ ተሞክሮ የአብዛኞቹን መብቀል እንደሚቀንስና ሥራቸውን እንደሚያሳጥር ታይቷል። ስለዚህ የባህር ዛፍ ቅጠል ጠርጎ እርሻ ላይ መድፋት መፍትሔ አይደለም። ከፍግና ከሌላ ቅጠል ጋር ተቀላቅሎ ጉድጓድ ውስጥ በደንብ ከበሰበሰ በኋላ ነው የሚሻለው።

ቀዳሽ | ጥር 21

ዲያቆን ነኝ፣ ከዚያው ከደቡብ ጎንደር። ስለ ደብር ደን አንድ ቃል።

ደኑ ሳይነካ የኖረው ሰው ባለመኖሩ አይደለም። ሰው የሞላበት ቦታ ነው። የኖረው ወግ ስላለው ነው። ከቅጥሩ የወደቀ እንጨት ለቤተ ክርስቲያኑ አገልግሎት ካልሆነ ለቤት አይወሰድም። ቅጠሉንም ጠርጎ ለምድጃ የሚወስድ የለም። ዘጌ ላይ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ አይታረስም፣ ከብትም አይገባም፤ ቡናው ደኑ ሥር ይኖራል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እነ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከአድባራቱ ጋር ሆነው ብዙ ቦታ የድንጋይ ካብ አስከብበዋል። ካቡ ከብት ይከለክላል። ከብት ሲቀር ቅጠሉ አይረገጥም፣ ችግኙም አይበላም። የጉና ልጅ ጣትህ እስከ አንጓው የገባው ለዚህ ነው።

በዚያው ልክ ደግሞ አንዳንድ ደብር ገቢ ለማግኘት በቅጥሩ ዳር፣ አንዳንዴም በውስጡ ባህር ዛፍ መትከሉን አይቻለሁ። ያሳስበኛል።

ወንዝ ዳር | ጥር 21

እንዳይመሽብን ለጉና ልጅ የሚሠራ ነገር ልስጠውና ላብቃ። አባትህን በቃል አትሟገታቸው፤ መሬቱ ራሱ ያሳያቸው።

ሁለት ዓይነት ከረጢት አዘጋጅ። አንዱ የሽንኩርት መረብ ጆንያ፣ ቀዳዳው ሰፊ የሆነ። ሌላው ከአሮጌ አጎበር የተሰፋ፣ ቀዳዳው ጠባብ። በእያንዳንዱ እኩል ደረቅ ቅጠል ክተት፤ የባህር ዛፍ ለብቻ፣ የዋንዛና የብሳና ለብቻ። ክረምት ሲገባ ግማሹን ደኑ ውስጥ፣ ግማሹን ባህር ዛፉ ሥር አስተኛቸው። ከመስቀል በኋላ አውጣቸው። በጆንያው ትልና ምስጥ ይገባል፤ በአጎበሩ ሻጋታና ዓይን የማያያቸው ብቻ ናቸው የሚገቡት። ልዩነቱ ማን እየሠራ እንደሆነ ይነግርሃል።

የጉና ልጅ | ጥቅምት 9

ሰላም ዳግመኛ። ክሩን ስላነሳሁት ይቅርታ፤ የከረጢቶቹን ውጤት ልነግራችሁ ነው።

ከረጢቶቹን በሰኔ ታናሽ እህቴ አስተኝታልኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሄጄ ከአባቴ ጋር አወጣናቸው። ከደኑ ያወጣነው የዋንዛና የብሳናው ጆንያ ባዶ መሰለን። ስናራግፈው ጅማትና እንደ ቡና አተላ ያለ ጥቁር ነገር ወደቀ። በአጎበሩ ያለው ጠቁሯል፣ ግን ቅጠልነቱ ገና ይታወቃል። ባህር ዛፉ ሥር የነበረው የብሳና ቅጠል ግማሹ አለ። አባቴን ያስገረመው እሱ ነው። «ቅጠሉ ያው ነው፣ በሊታው ነው የጠፋው» አለ። የባህር ዛፉ ቅጠል ባህር ዛፉ ሥር እንዳለ ነው ማለት ይቻላል፤ ቀለሙ ብቻ ቡናማ ሆኗል። ደኑ ውስጥ የተኛው ባህር ዛፍ ግን በሽንኩርት ጆንያው ውስጥ ተበልቶ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኗል።

ከዚያ ከእናቴ ጋር ተነጋገርን። መጥረጉን ጨርሳ ልትተው አትችልም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። ከላይ ያለውን ትጠርጋለች። ከካቡ ጋር የሚዋሰኑትን ታችኞቹን አራት ረድፎች ግን ተወችልን። ጭስ የሚቀንስ፣ ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃም ገዛሁላት። አባቴ እዚያ ረድፍ መሃል ስድስት የብሳናና አራት የዋንዛ ችግኝ ተክሏል፣ ፍየል እንዳይበላው በእሾህ አጥሮ።

ወንዝ ዳር | ጥቅምት 9

አባትህ በአንድ ቃል ተናገሩት። ደስ አለኝ። አንድ ተስፋ ልጨምርልህ፤ የደን ተመራማሪዎቹ እነ ደምል ተከታይ በሙኔሳ ሻሸመኔ ደን ባጠኑት፣ በተተከሉ የፈረንጅ ዛፎች ሥር አገር በቀሎቹ ራሳቸው እየበቀሉ ተገኝተዋል። ዘር የሚሰጥ ደን ቅርብ ከሆነ፣ ከብትና መጥረጊያ ከቀረ ይመጣሉ። ያንተ ደግሞ ካቡን ተሻግሮ ነው። ወፎቹ ያመጡልሃል።

የሽሮሜዳ ልጅ | ጥቅምት 10

ለእናቴ አነበብኩላት። «ከላይ ያለውን ስትጠርግ በእጇ ትልቀም እንጂ በመጥረጊያ አትጥረግ» በላት አለች። መጥረጊያው አፈሩንም ይዞ ይመጣል፤ እሳት ላይ የሚያጨሰውም እሱ ነው ትላለች። እነሱ ጋ ቅጠል ገዢዋ አፈር ካየችበት ዋጋ ትቀንስ ነበርና ያውቁታል።

የጉና ልጅ | ጥቅምት 10

ዛሬ ማታ እደውልላታለሁ። እናትሽን ጉልበታቸውን ስመሽልኝ።